የግራናይት ዕድሜ ለማዕድን ፈላጊ ምን ይጠቅመዋል?

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት የሆነን በቅርቡ የማስተማር ልምምድ ወጥተው ከተመለሱት እጩ መምህራን አንዷ ያነሳችልን ጥያቄ ነው። ስለ አለት ዓይነቶች ስታስተምር አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ከግቢው ያነሳውን ድንጋይ ከፍ አድርጎ፣ «ቲቸር፣ ይሄ ድንጋይ ስንት ዓመቱ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ቢታወቅስ ምን ይሠራል?» ብሎ ጠየቃት። እርሷም ደወሉ ሊደወል ሲል ስለነበር፣ «ሳይንቲስቶች በመሣሪያ ይለኩታል» ብላ አለፈችው። ልጁ ግን አልረካም። እኛም ማረፊያ ክፍል ቁጭ ብለን ስንወያይበት አልረካንም፤ ምክንያቱም ከመካከላችን መልሱን ከዚያ አሻግሮ ማስረዳት የቻለ ሰው አልነበረም። ስለዚህ አገላብጠን ያገኘነውን ለውድ አንባብያን እናቀርባለን።

በቅድሚያ የልጁ ድንጋይ። አቃቂ ቃሊቲ የተመሠረተችው በእሳተ ገሞራ አለት ላይ ነው። የአጥራችን መሠረት የሆነው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል። ግንበኞች «ሬድ አሽ» የሚሉት ቀላሉ ቀይ ድንጋይም ከእሳተ ገሞራ አፍ ተተፍቶ የተከመረ ነው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀዩ ኮረብታ ማለት እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የነዚህ አለቶች ዕድሜ የሚቆጠረው በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ነው። ይህ ለእኛ ብዙ ይመስላል፤ ለሥነ ምድር ባለሙያ ግን የትናንት ነገር ነው። ስለዚህ ልጁ የያዘው ግራናይት አልነበረም። ግራናይት ለማግኘት ግቢያችንን መቆፈር አያዋጣም፤ ጥንታዊው መሠረት አለት እዚህ እጅግ ጥልቅ ሆኖ ተቀብሯል።

ለመሆኑ ግራናይት ምንድን ነው? ባዛልት ከመሬት በላይ ፈስሶ ቶሎ የቀዘቀዘ ቅልጥ አለት ነው። ግራናይት ግን ወደ ላይ ሲመጣ መንገድ ላይ የቀረ፣ በነባር አለቶች መካከል ሰርጎ ገብቶ በጥልቁ ቀስ እያለ የቀዘቀዘ ነው። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ «ሰርጎ ገብ አለት» የሚሉት። ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ ለማደግ ጊዜ ያገኛሉ፤ ኳርትዙ፣ ፌልድስፓሩና ሚካው በዓይን ይለያሉ። በባንክ ቤት መደርደሪያና በአዳዲስ ቤቶች ወጥ ቤት ተለስልሶ የምናየው ዝንጉርጉር ድንጋይ ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። «ብዙውን ጊዜ» ያልንበት ምክንያት አለን፤ ነጋዴው ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ሁሉ ግራናይት ይለዋል። የመማሪያ መጻሕፍትም ቢሆኑ ከዚህ ስሕተት ነጻ አይደሉም፤ የአክሱም ሐውልቶች ግራናይት ናቸው እየተባለ ስንት ዘመን ተማርን! አለቱ ኔፊሊን ሳየናይት የሚባል፣ ኳርትዝ የሌለው፣ የግራናይት ዘመድ ነው። ዓይን ይሳሳታል፤ ይህን ነገር ያዙልን፣ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ማዕድኑ። ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ አይጠነክርም። ማታ ሳሪስ ላይ ወደ አቃቂ የሚሄድ ታክሲ የጠበቀ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ታክሲው ሲመጣ ባዶ እጁን የቆመው ይገባል። ፍራሽ የተሸከመውን ግን ረዳቱ «ዕቃ ያለው ይቆይ» ይለዋል። ሁለተኛው ታክሲም እንዲሁ፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። መጨረሻ ላይ ፌርማታው ላይ የሚቀሩት ባለፍራሽና ባለጆንያ ብቻ ይሆናሉ። በቅልጥ አለት ውስጥም እንደዚሁ ነው። ቀድመው የሚፈጠሩት ማዕድናት ለብዙዎቹ ንጥረ ነገሮች ወንበር አላቸው። መጠናቸው ወይም የኤሌክትሪክ ሙላቸው ለወንበሩ የማይመች፣ እንደ ታንታለም፣ ኒዮቢየም፣ ሊቲየምና ቤሪሊየም ያሉት ደግሞ ወደ ኋላ እየተገፉ በመጨረሻው ጭማቂ ውስጥ ይከማቻሉ። ይህ ጭማቂ ውሃ የበዛበት ስለሆነ በስንጥቆች ውስጥ ገብቶ ሲጠነክር ትልልቅ ቅንጣቶች ያሉት አለት ይሆናል። ስሙም ፔግማታይት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የስም መደናገር እናጥራ። በእንግሊዝኛ «ሬር ኧርዝ» የሚባሉት ብርቅዬ የመሬት ንጥረ ነገሮች 17 ናቸው፤ ከላንታነም እስከ ሉቲሺየም ያሉት 15፣ እንዲሁም ስካንዲየምና ይትሪየም። ታንታለምና ሊቲየም ከነዚህ አይቆጠሩም፤ እነርሱ «ብርቅዬ ብረታ ብረት» በሚል ሌላ ስም ይጠራሉ። «ብርቅዬ» የሚለው ቃልም ቢሆን አሳሳች ነው። ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከመዳብ ያላነሰ አለ። ብርቁ ነገር አንድ ቦታ ተሰብስቦ መገኘቱ ነው። ኒዮዲሚየም ለጠንካራ ማግኔት፣ ማለትም ለድምፅ ማጉያ፣ ለኤሌክትሪክ መኪና ሞተርና ለአንዳንድ የነፋስ ተርባይኖች ይውላል። ታንታለም በእጅ ስልካችን ውስጥ ኤሌክትሪክ የምታጠራቅመውን ትንሿን ዕቃ ይሠራል። ሁለቱም ወገኖች ግን ከግራናይት ቤተሰብ ጋር ስለሚዛመዱ የፈላጊው ችግር አንድ ዓይነት ነው፤ የትኛው ግራናይት?

ይህ ጥያቄ በአገራችን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት በደጃችን የሚያልፈውን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ደቡብ እንውረድ። ዱከምን፣ ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ ስምጥ ሸለቆውን ይዞ ሐዋሳን አልፎ ወደ ጉጂ ይወስደናል። ወርቁ የታወቀው አዶላ፣ ለገደንቢና ሻኪሶ እዚያ ናቸው። በዚሁ አካባቢ ቀንጢቻ የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኢትዮጵያውያንና የሶቪየት ባለሙያዎች በጋራ በሚያካሂዱት አሰሳ ወቅት በቀንጢቻ ታንታለም ያዘለ ፔግማታይት መኖሩ ታወቀ። አካሉ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በውስጡም ሊቲየም የሚገኝበት ስፖዱሚን የሚባል ማዕድን አለ። ከዚያ በኋላ ከቀንጢቻ ታንታላይት ወደ ውጭ አገር ተልኳል።

እንግዲህ አንድ ቀንጢቻ ካለ ሌላም ሊኖር ይችላል ብሎ መፈለግ ተገቢ ነው። ግን በደቡብ ኢትዮጵያ ያለው ግራናይት አንድ አይደለም። ዶክተር ብስራት ይባስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት የአካባቢውን ግራናይትና ዘመዶቹን በሰባት ትውልድ ከፍለዋቸዋል። የመጀመሪያው ትውልድ ከ880 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ወደ 500 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። በመካከላቸው 380 ሚሊዮን ዓመት አለ ማለት ነው! በዚያ ዘመን ውቅያኖስ ተዘግቷል፣ አህጉራት ተጋጭተዋል፣ ተራሮች ተነሥተው ተሸርሽረዋል። ቀደም ያሉት ግራናይቶች ውቅያኖሱ ሳይዘጋ የተፈጠሩ ናቸው። የኋለኞቹ ግጭቱ ካበቃ በኋላ፣ የወፈረው ቅርፊት ከውስጥ ሲቀልጥ የመጡ ናቸው። ታዲያ ሜዳ ላይ ቆሞ ሁለቱን ላየ ሰው ሁለቱም ግራጫ ወይም ሮዝ፣ ሁለቱም ጠንካራ ናቸው። ቅድም ዓይን ይሳሳታል ያልነው ለዚህ ነበር።

የልጁ የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «በምን ይታወቃል» የሚለው፣ እዚህ ላይ መልስ ይፈልጋል። ግራናይት ውስጥ ዚርኮን የምትባል ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ ጠንካራ ማዕድን አለች። ዚርኮን ስትፈጠር ጥቂት ዩራኒየም ትቀበላለች። እርሳስን ግን በጭራሽ አታስገባም ለማለት ይቻላል። ዩራኒየም ራዲዮ አክቲቭ ስለሆነ በራሱ ጊዜ እየፈረሰ መጨረሻው እርሳስ ይሆናል። እንግዲህ ዛሬ በዚርኮን ውስጥ እርሳስ ካገኘን እዚያው ተወለደ እንጂ ከውጭ አልገባም። የዩራኒየሙንና የእርሳሱን መጠን ማወዳደር ነው ሥራው። ይህን ሐሳብ ይዞ የአለት ዕድሜ ከለኩት ቀዳሚዎች አንዱ እንግሊዛዊው አርተር ሆምዝ ሲሆን፣ ውጤቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው።

የመፍረሱ ፍጥነት የታወቀ ነው። ዩራኒየም 238 እኩሌታው እስኪፈርስ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል፤ ዩራኒየም 235 ደግሞ 704 ሚሊዮን ዓመት። ይህን የእኩሌታ ዘመን የፊዚክስ መምህራኖቻችን «ሀፍ ላይፍ» ይሉታል። በቁጥር እንየው። መጀመሪያ 1,000 የዩራኒየም 238 አቶሞች ነበሩ እንበል። ከ530 ሚሊዮን ዓመት በኋላ 79ኙ እርሳስ ሆነው 921 ይቀራሉ። ግራናይቱ 770 ሚሊዮን ዓመት ከሆነው ግን እርሳስ የሆኑት 113 ናቸው። ሮዝ ይሁን ግራጫ፣ 79 እና 113 አይምታቱም። ደግሞም በአንድ ቅንጣት ውስጥ ሁለት ሰዓት አለ። የዩራኒየም 235ን ብንቆጥር በ530 ሚሊዮን ዓመት ከ1,000ው 407ቱ ፈርሰዋል። ሁለቱ ሰዓቶች አንድ ዕድሜ ካነበቡ እናምናቸዋለን። ካልተስማሙ እርሳሱ በሆነ ዘመን ሾልኮ ወጥቷል ብለን እንጠረጥራለን። እኛን በጣም የገረመን ይኸው ነው፤ ማስረጃው ራሱን የሚመረምር መሆኑ።

አሠራሩ ደግሞ ከምናስበው በላይ የእጅ ሥራ ነው። ብዙ ኪሎ ግራም ያልበሰበሰ አለት ይሰበሰባል፣ ይደቅቃል፣ ይነፋል። ከዚያ ወርቅ አጣቢ እንደሚያደርገው በውሃ እየተናጠ ከባዱ ከቀላሉ ይለያል። በማግኔትና በከባድ ፈሳሽ ይጣራል። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ዚርኮኖቹን አንድ በአንድ ይለቅማል፤ ምስር እንደ መልቀም ነው። የተለቀሙት በሙጫ ውስጥ ተተክለው ይሞረዳሉ። በመጨረሻም በሌዘር ወይም በሌላ ጨረር እየተመቱ አቶሞቻቸው በክብደታቸው በሚለይ መሣሪያ ይቆጠራሉ። መሣሪያው ውድ ስለሆነ የአገራችን አለቶች በብዛት የተለኩት በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች ነው።

«በመሣሪያ ይለኩታል» የሚለው መልስ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያ ሁልጊዜ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ የምን ዕድሜ እንደሆነ ግን አይናገርም። ሁለት ወጥመዶችን ብቻ እንንገራችሁ።

አንደኛው የሰዓቱ ዓይነት ነው። ሚካ ውስጥ ያለ ፖታሲየም እየፈረሰ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል፤ በዚህም ዕድሜ ይለካል። ነገር ግን ባዮታይት የሚባለው ጥቁሩ ሚካ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ጋዙ ያመልጠዋል። ሰዓቱም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። እንበልና አንድ ግራናይት የተፈጠረው ከ770 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ከ530 ሚሊዮን ዓመት በፊት ደግሞ ጎረቤቱ ሌላ ቅልጥ አለት ገብቶ አሞቀው። ዛሬ በሚካው ብንለካው ወደ 530 የሚጠጋ ቁጥር እናገኛለን። ፈላጊው «እሰይ፣ የቀንጢቻ እኩያ!» ብሎ ካምፕ ይተክላል፣ መቆፈሪያ ያስመጣል። በተሳሳተ ኮረብታ ላይ ገንዘቡም ዓመቱም ያልቃል። ሚካው አልዋሸም፤ የተናገረው የመጨረሻውን ሙቀት እንጂ የልደቱን ቀን አይደለም። ዚርኮን ግን በዚያ ሙቀት ሰዓቷ አይነካም።

ሁለተኛው ወጥመድ የተገላቢጦሽ ነው። ግራናይት የሚፈጠረው አሮጌ አለት ሲቀልጥ ከሆነ፣ የአሮጌው አለት ዚርኮኖች ሳይቀልጡ ወደ አዲሱ ሊገቡ ይችላሉ። የአያቷን ቀለበት ያደረገች ሙሽራ አስቡ፤ ዕድሜዋን ከቀለበቱ ብንገምት ጉድ ነው የሚሆነው። በዚህ ዓይነት የ530 ሚሊዮኑ ግራናይት የ800 ይመስልና ፈላጊው ትቶት ያልፋል። ለዚህ ነው ቅንጣቷን ሞርዶ ውስጧን ማየት ያስፈለገው፤ አሮጌ ማዕከል ካላት ዙሪያዋን ካለበሳት አዲስ ሽፋን ለይቶ ለመለካት። ከሁለቱ ስሕተቶች እኛ የምንፈራው ይህኛውን ነው። ያላግባብ የተቆፈረ ጉድጓድ ስሕተቱን ራሱ ያጋልጣል፤ ያለፉትን ኮረብታ ግን ተመልሶ የሚያየው የለም።

የቀንጢቻን ዕድሜ የለኩት የጀርመንና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ይህን ሁሉ በአንድ ብልሃት አልፈውታል። የለኩት ታንታለሙን የተሸከመውን ማዕድን ራሱን፣ ኮሎምባይትና ታንታላይት የሚባለውን ነው። እርሱም እንደ ዚርኮን ጥቂት ዩራኒየም ይቀበላል። ስለዚህ «ግራናይቱ መቼ ተፈጠረ?» ብለው ቀርተው ማዕድኑ ከግራናይቱ ጋር መጣ አልመጣ ብለው መገመት አላስፈለጋቸውም፤ ሀብቱን በቀጥታ «አንተ መቼ ተወለድክ?» አሉት። መልሱ 530 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ። ከሰባቱ ትውልዶች ጋር ስናስተያየው ቀንጢቻ ከመጨረሻዎቹ፣ ከግጭቱ በኋላ ከመጡት ወገን ነው። ለብርቅዬ የመሬት ንጥረ ነገሮችም ተመሳሳይ ዕድል አለ፤ ሞናዛይት የሚባለው ማዕድን እነርሱንም ቶሪየምንም አብሮ ስለሚይዝ ራሱ ሀብትም ሰዓትም ይሆናል።

ፈላጊው በዚህ ምን ይሠራበታል? ካርታውን ዘርግቶ፣ ዕድሜያቸው ከ700 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነውን ወደ ጎን ያደርጋል። ወደ 530 የሚጠጉትን ያስቀድማል። ከነሱ ዙሪያም ፔግማታይት ይፈልጋል። የሁሉም ነገር መፍቻ ግን ይህ አይደለም። ከ530ዎቹም ውስጥ ብዙዎቹ ባዶ ይሆናሉ፤ ጭማቂው በደንብ መጠንጠን አለመጠንጠኑ በኬሚካል ምርመራ መታየት አለበት። ዕድሜ ሰፈሩን ይነግራል፣ የቤቱን ቁጥር አይነግርም።

ቁጥሩን ከአገር አገር ማሻገርም አይቻልም። በናይጄሪያ የጆስ አምባ ሁለት ዓይነት ግራናይት ጎን ለጎን አለ፤ እዚያው «አሮጌ ግራናይት» እና «ወጣት ግራናይት» ይሏቸዋል። አሮጌዎቹ ዕድሜያቸው ከኛ የጉጂ ግራናይቶች ጋር ይቀራረባል፣ 600 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ወጣቶቹ ደግሞ ከ213 እስከ 141 ሚሊዮን ዓመት ናቸው። የጆስ አምባ የታወቀበት ቆርቆሮና ኮሎምባይት በብዛት የመጣው ከወጣቶቹ ነው። የጉጂን ቁጥር ይዞ ጆስ የሄደ ሰው ዋናውን ሀብት ረግጦ ያልፍ ነበር ማለት ነው። በደቡብ ቻይና ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ ብርቅዬ የመሬት ንጥረ ነገሮች የሚወጡት ከግራናይቱ ሳይሆን ግራናይቱ በዝናብና በሙቀት በስብሶ ከሆነው ሸክላ አፈር ነው። ግራናይቱ በብዛት ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ሲሆን አፈሩ ግን ከርሱ በጣም ያነሰ ዕድሜ አለው። ያም ሆኖ ወላጁን ሳያውቁ ልጁን መፈለግ ስለማይመች፣ እዚያም የግራናይቱ ዕድሜ ይለካል።

ወደ ልጁ ጥያቄ ስንመለስ፣ «ምን ይሠራል» ላለው ያለን መልስ ይህ ነው። በጉጂ ብዙ ሰው በእጁ እየቆፈረ ይኖራል። በግምት የተቆፈረ ጉድጓድ ገበሬውን መሬቱን፣ ቆፋሪውን ጉልበቱን፣ አንዳንዴም ሕይወቱን ያስከፍላል። አንድ ጥሩ የዕድሜ ልኬት አሥር ኮረብታ ሳይቆፈር እንዲቀር ካደረገ ዋጋውን መልሷል እንላለን። ይህ አስተያየት የኛ ነው፤ የሚከራከር ካለ ጽሑፉን ለሚቀጥለው እትም ያምጣ።

«በምን ይታወቃል» ላለው ደግሞ ቆርኪ ይበቃል። 100 የለስላሳ ቆርኪ በካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ አናውጡና ጠረጴዛ ላይ ድፉ። በጀርባቸው የወደቁትን «እርሳስ ሆኑ» ብላችሁ ለዩ። የቀሩትን እንደገና አናውጡ። መጀመሪያ ወደ 50፣ ቀጥሎ ወደ 25፣ ቀጥሎ ወደ 12 ወይም 13 ይወርዳሉ። ከዚያ አንዱን ተማሪ ውጭ አስወጥታችሁ፣ ስንት ጊዜ እንዳናወጣችሁ ሳትነግሩት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብቻ አሳዩት፤ ቆጥሮ ይነግራችኋል። የትኛው ቆርኪ መቼ እንደሚገለበጥ ማንም አያውቅም፤ የመቶው አካሄድ ግን ይታወቃል። ቆርኪዎቹ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ፣ በመስኮቱ ሥር ባለው ቡናማ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ስንቆጥራቸው 93 ሆነው ስላገኘናቸው፣ ሰባቱን ከሻይ ቤቱ ጨምሩባቸው።